ስለ ፎርሚክ አሲድ ጠይቁኝ

ዕድሜዬን ኮምቦልቻ ውስጥ ቆዳ ሳለፋ ነው የኖርኩት። ፎርሚክ ቆዳ ስናለፋ የምንጠቀምበት አሲድ ነው። ከሁሉ በፊት ግን፦ አሲዱን ወደ ውሃ ጨምሩ እንጂ ውሃ አሲዱ ላይ አታፍሱ። ያለ ጓንትና መነጽር ክዳን አትክፈቱ።

ከደሴ፦ አሰላሙ አለይኩም ጋሼ። ከጉንዳን ነው የሚሠራው ሲሉ ሰማሁ።

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም። ስሙ ነው ከጉንዳን የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1671 ጆን ሬይ የሚባል እንግሊዛዊ ጉንዳን አንጥሮ አገኘው። ዛሬ ፋብሪካዎች ከሜታኖልና ከካርቦን ሞኖክሳይድ ይሠሩታል።

ከባቲ፦ ሰልፈሪክ ርካሽ ነው። ለምን እሱን ብቻ አንጠቀምም?

መልስ፦ ይህ ነው ጥያቄ! ሌጦው ኖራው ወጥቶለት ድራም፣ ማለትም የሚሽከረከረው በርሜል ውስጥ፣ ሲገባ መጀመሪያ ጨው ይጥገብ። ጨው ሳይጠግብ አሲድ ካገኘው ያብጣል፤ ካበጠ ጥራቱ ሄደ። ሰልፈሪክ ኃይለኛ ነው። ፎርሚክ ለዘብ ይላል። ቆዳውን የሚያለፋልህን ክሮምንም ይይዝልሃል፤ ላዩ ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር፣ ቀስ ብሎ ውስጥ እንዲገባ ያደርገዋል። ስለዚህ ሁለቱን አብረህ ተጠቀም። በአሥር እጥፍ ውሃ አቅጥነህ ሦስት ጊዜ ከፋፍለህ ስጥ። ከዚያ ማጅራቱ ጋ ቁረጥና የተቆረጠው ላይ ብሮሞክሬሶል ግሪን የሚባለውን፣ አሲድ ሲያገኘው ቢጫ የሚሆነውን መፈተሻ ቀለም አንጠብጥ። መሃሉ ላይ ሰማያዊ መስመር ካየህ አሲዱ አልደረሰም፤ ድራሙ ይዙር። ዳር እስከ ዳር ቢጫ ሲሆን ነው ክሮም የሚሰጠው። ያቺን ቀጭን መስመር ንቀው ስንት ሌጦ ሲያበላሹ አይቻለሁ!

ከወልዲያ፦ ኮምጣጤም እኮ አሲድ ነው፤ ያው ነው።

ከደሴ፦ ያው አይደለም! ኮምጣጤ አሴቲክ ነው።

ከወልዲያ፦ አያቴ በእምቧይ ነበር የምታለፋው። ማን ፎርሚክ ሰጣት?

ከደሴ፦ እምቧይና ክሮም ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ የእምቧዩን ክርክር ሌላ ጊዜ። ቀጣይ።

ከሐይቅ፦ ለንብ ቅማል ይሆናል?

መልስ፦ ውጭ አገር ቫሮዋ ለሚባለው የንብ ተባይ ይጠቀሙበታል። መጠኑን የንብ ባለሙያ ጠይቅ፤ እኔ የቆዳ ሰው ነኝ።

ከኮምቦልቻ፦ ስንት ልጨምር?

መልስ፦ ለስንት ኪሎ? የስንት ፐርሰንት አሲድ? ይህን ሳትነግረኝ ምን ልበልህ?

ከመርሳ፦ ዋጋውስ?

መልስ፦ ከውጭ በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው፤ ዋጋ አልናገርም። 85 ፐርሰንት የሚል ከሆነ ግን የፈሳሽ እፍጋት በሚለካው ሃይድሮሜትር ለካው። 1.2 አካባቢ ካላነበበ ውሃ ገብቶበታል። ጓንት አድርገህ!

ከከሚሴ፦ ጋሼ፣ ጀሪካኑ አብጦብኛል። ክዳኑን ላጥብቀው?

መልስ፦ በፍጹም! ሙቀት ሲያገኘው ቀስ እያለ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድና ውሃ ይበተናል። ጋዙ ሽታ የለውም፤ ይገድላል። ለዚህ ነው መተንፈሻ ያለው ክዳን የሚያስፈልገው። አሁን በርና መስኮቱን ክፈትና ሰው ሁሉ ይውጣ። ወደ ጀሪካኑ አትጠጋ። ከወጣህ በኋላ ጻፍልኝ።