የሕክምና መቀስ ለጥልፍ ሥራ ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር አዘዞ ሲሆን፣ የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ እየጠለፍኩ አስረክባለሁ። አባቴ ለረጅም ዘመን በድሬሰርነት (በጤና ረዳትነት) ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ በግል ገንዘባቸው ገዝተው ይሠሩባቸው የነበሩ ሦስት መቀሶችንም ሰጥተውኛል። አንዱ ትንሽ ሆኖ ጫፉ የቆለመመ ነው፤ ሌላው አንደኛው ስለቱ ላይ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ጎድጓዳ ቦታ አለው፤ ሦስተኛው አንገቱ ጎበጥ ያለ፣ የታችኛው ጫፉም ዶልዶም ያለ ነው። ለጥልፍ ብጠቀምባቸው ጉዳት ይኖረው ይሆን? ለየትኛውስ ሥራ ይሆኑኛል?
(አንባቢ ከአዘዞ)

መልስ፦ እኅታችን፣ በአግባቡ ከጸዱ በኋላ ይሆኑዎታል። ከተማችን የሕዝብ ጤና ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1954 ከተቋቋመ ጀምሮ የጤና ባለሙያዎችን ስታሠለጥን የኖረች በመሆኗ፣ እንዲህ ያሉ መቀሶች በብዙ ቤት ተቀምጠው ይገኛሉ ብዬ አምናለሁ፤ ዘርዘር አድርጌ የምመልሰውም ስለዚሁ ነው።

አስቀድሞ ስለ ጽዳቱ። የጉበት በሽታ የሚያመጣው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ ለ7 ቀናት ሊቆይ ይችላል፤ የአባትዎ መቀሶች ሳይነኩ ብዙ ዓመት ቢቀመጡም፣ በማጠፊያው ውስጥ የቀረው እድፍ ከውጭ ስለማይታይ ጥንቃቄው አይቀርም። ወፍራም ጓንት አድርገው፣ 5 በመቶ የሆነውን በረኪና 1 እጅ ከ9 እጅ ውኃ ጋር በጥብጠው፣ መቀሶቹን እንደተከፈቱ ለ10 ደቂቃ ብቻ ይዘፍዝፏቸው። በረኪና አይዝግም የተባለውን ብረት ሳይቀር ስለሚበላ፣ ሳይወጡ ቢያድሩ ስለታቸው ይበሳሳል። ከዚያ በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው፣ ማጠፊያውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና ፈትገው፣ ለ20 ደቂቃ ያፍሏቸው።

ይህ ለጥልፍ ይበቃል፤ ለሰው አካል ግን አይበቃም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር የማያንስ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃው የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ በጤና ተቋም መሣሪያ ከተሕዋስ የሚጸዳው በታመቀ እንፋሎት በ121 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ነው። የመንጋጋ ቆልፍን የሚያመጣው ተሕዋስ በሚፈላ ውኃ አይሞትም። ስለዚህ አንዴ የጥልፍ ዕቃ የሆነ መቀስ እሾህ ለማውጣትም ሆነ ቁስል ለመንካት፣ ይልቁንም እትብት ለመቁረጥ፣ ፈጽሞ እንዳይመለስ እለምንዎታለሁ።

ወደ አገልግሎታቸው ስንመጣ፣ ከሦስቱ እኔ አብልጬ የምወደው ጎድጓዳ ቦታ ያለውን ነው። የተሠራው የዳነ ቁስል ስፌት ለማውጣት ነው፤ ጎድጓዳው ስለት ከክሩ ሥር ገብቶ፣ ክሩን ከቆዳው ከፍ አድርጎ ይቆርጠዋል። ጥልፍ ሲበላሽ ብዙ ሰው በምላጭ ይተረትራል፤ ምላጭ ደግሞ በሸማ ላይ ክሩንና ድሩን አይለይም። በዚህ መቀስ ግን ጨርቁን በግራ እጅዎ ወጥረው፣ ጎድጓዳውን ከተበላሸው ክር ሥር ሰድደው፣ ክሩ በውስጡ ሲያርፍ ጨርቁ ሳይነካ ይቆርጡታል። የተቆረጠውን ክር በጀርባ በኩል በወረንጦ ይሳቡት።

ቆልማማው ትንሽ መቀስ ለዓይን ቀዶ ሕክምና ከተሠሩት ወገን ሳይሆን አይቀርም። ጉብጠቱን ወደ ጨርቁ፣ ጫፎቹን ወደ ላይ አድርገው ሲያጋድሙት የክሩን ጭራ ከቋጠሮው ሥር ይቆርጥልዎታል። ሥራው ይህ ብቻ ይሁን፤ ድርብ ጨርቅ ወይም ካርቶን ቢቆርጡበት ጫፎቹ ይለያያሉ፣ ተመልሰውም አይገጥሙም። ሦስተኛው የፋሻ መቀስ ነው። ዶልዷማው ጫፍ በፋሻና በቆዳ መካከል ሳይወጋ እንዲያልፍ የታሰበ ስለሆነ፣ ረጅም ስፌት ለመክፈትና ከጥልፉ ጀርባ ያለውን ደጋፊ ጨርቅ ለመቁረጥ ይመቻል።

ቢደንዙ ቢላዋ ለሚስል ሰው አይስጧቸው። የመቀስ ሁለት ስለቶች በውስጥ ገጻቸው እየተነካኩ ስለሚቆርጡ፣ ያ ገጽ በድንጋይ ከተነካ መቀሱ ክር ማኘክ ይጀምራል፤ በሞተር የሚዞር ድንጋይም ብረቱን አግሎ ያለሰልሰዋል። የሚሳለው የውጩ ዘንበል ያለ ጠርዝ ብቻ ነው፤ እሱም በእጅ፣ በለሰለሰ መሳያ ድንጋይ፣ በቀስታ። ስለታቸውን ለመፈተን እርጥብ ሶፍት በጫፋቸው ይቁረጡ፤ ሳይቦጭቅ ከቆረጠ ደህና ነው። ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ይጨምሩ። በላዩ የተቀባው ክሮም የሚቀረፍ መቀስ ካለ ግን ቅርፊቱ እጅ ስለሚቆርጥ ይተዉት።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው ያገለገሉ የሆስፒታል መቀሶችን በርካሽ ሊሸጥልኝ ነው። ለጌጣጌጥ ሥራ የመዳብ ሽቦ እቆርጥባቸዋለሁ፤ ልግዛ?
(አንባቢ ከማራኪ)

መልስ፦ አይግዙ። ለክርና ለሥጋ የተሠራ ስለት በሽቦ ላይ ወዲያው ይሸረፋል፤ ለዚህ ሥራ የሽቦ መቁረጫ ፒንሳ ይበጃል። ከዚህም ሌላ የጤና ተቋም ዕቃ በደንቡ መሠረት ተመዝግቦ የሚወገድ እንጂ በእጅ የሚሸጥ ስላልሆነ፣ ሻጩ የሽያጭ ወረቀት ከሌለው ጨርሶ አይቀበሉት።