መልስ፦ የሸርጣን አጥማጆች ፕሮግራም ለምን ይታያል?

«ሰው ሸርጣን ሲያጠምድ ማየት ምኑ ያስደስታል?» ላልከው፣ እኔን የሚይዘኝ የገንዘቡ ነገር ነው። «ዴድሊየስት ካች» በተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ የምታያቸው፣ በአላስካና በሩሲያ መካከል ባለው የቤሪንግ ባሕር ሸርጣን የሚያጠምዱ የመርከብ ሠራተኞች በአብዛኛው ቋሚ ደመወዝ የላቸውም፤ የሚከፈላቸው ከተያዘው ድርሻ ነው፣ ያውም የነዳጅና የምግብ ወጪ ተቀንሶ። ስለዚህ ከ300 ኪሎ በላይ የሚመዝነው የብረት ወጥመድ ከውኃ ሲወጣ፣ ሞልቷል ወይስ ባዶ ነው ብሎ ሁሉም አንገቱን አስግጎ ያያል። ተመልካቹም አብሮ። ቁማር በለው!

ደግሞ በረዶው አለ። መርከቡ ላይ የተጋገረውን በመዶሻ እየሰበሩ ካላራገፉት ክብደቱ ሊገለብጣቸው ይችላል፤ ይሄ ትወና አይደለም። የካፒቴኖቹ ጭቅጭቅ ግን በቅንብር የተጋነነ ይመስለኛል፣ እለፈው።

ልትሞክረው ካሰብክ ከ2005ቱ (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያ ምዕራፍ ጀምር። ያኔ ኮታው (ለማጥመድ የተፈቀደው ጠቅላላ የሸርጣን መጠን) ለየመርከቡ ስላልተከፋፈለ፣ የማጥመጃው ወቅት ሳይዘጋ መርከባቸውን ለመሙላት እንቅልፍ አጥተው ነበር የሚሽቀዳደሙት።