ሜዳውን ለማየት ከመኪና መውረድ ያስፈልጋል

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። 30 ዓመት ታሪክ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። በአሜሪካ የሳውዝ ዳኮታ ግዛት፣ ሱ ፎልስ በምትባል ከተማ የምትኖረው ልጃችን መጥተን እንድንጠይቃት ጋብዛናለች፤ ሆኖም «አባዬ፣ እዚህ እኮ ሜዳ ብቻ ነው፤ የሚታይ ነገር የለም» ትላለች። እውነት የለም? ካለስ ከሰኔና ከመስከረም የትኛው ይሻለናል? ባለቤቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙ መራመድ አትችልም።

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ልጅዎ ሜዳ ነው ማለቷ ልክ ነው፤ በተለይ እናንተ የምታርፉበት ምሥራቃዊው ክፍል የጦሳን ተራራ እያየ ለኖረ ሰው ባዶ መስሎ መታየቱ አይቀርም። ፕሬሪ የሚባለው ይህ የሣር ምድር በመኪና መስኮት ሲያዩት ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ወርደው መካከሉ ሲቆሙ ግን መልኩ ይበዛል። ስለዚህ ጉብኝቱን ከደጃፍ ይጀምሩ። ከሱ ፎልስ ወጣ ብሎ ባለው ጉድ ኧርዝ ፓርክ የእግር መንገዶች አሉ። እዚያ ቢግ ብሉስቴም የሚባለውን ሣር አንድ ዘለላ ቀረብ ብለው ይመልከቱ፤ ጫፉ ሦስት ቦታ ተከፍሎ የዶሮ እግር ይመስላል፣ አገዳው በመስከረም ወደ ቀይ ዳማ ይለወጣል፣ ቁመቱ ሰው ሲያክል ሥሩ ደግሞ ከ2 ሜትር በላይ ወደ መሬት ይጠልቃል። እሳትና ድርቅ ያላጠፉት በዚህ ሥሩ ነው። ማረሻ ግን አጠፋው፤ ይህ ረጅም ሣር ከነበረበት ምድር ዛሬ ከመቶ 4 እጅ እንኳ ሳይታረስ አልቀረም።

ከዚያ ወደ ምዕራብ ይጓዙ። ባድላንድስ ብሔራዊ ፓርክ ለመድረስ ከደሴ አዲስ አበባ እንደ መሄድ ነው፤ ከ400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በመንገድዎ ሚቸል ከተማ ግድግዳው በየቀለሙ በተመረጠ የበቆሎ እሸት ያጌጠ አዳራሽ ያገኛሉ፤ ቻምበርሌን ደግሞ ሚዙሪ ወንዝን ቁልቁል በሚያይ ከፍታ ላይ፣ ኮከብ የተሠራበትን ብርድ ልብስ ከኋላዋ ዘርግታ የቆመች፣ 15 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት የነባር ሕዝብ ሴት ሐውልት ታያላችሁ። ወንዙን ሲሻገሩ የእርሻው አገር እየሳሳ የግጦሹ አገር ይጀምራል።

ባድላንድስን የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ላኮታዎች «ማኮ ሺቻ»፣ ክፉ ምድር ይሉታል። ሣሩ በድንገት ያበቃና መሬቱ በጎርፍ ተቦርቡሮ ገደልና ሾጣጣ ጉብታ ይሆናል፤ የአፈሩ ድርብርብ ቢጫ፣ ግራጫና ቀይ መስመር እንደ ጥለት ይታያል። የወሎን ቦረቦር ለሚያውቅ ሰው አፈሩ እንዴት እንደተበላ ማስረዳት አያስፈልግም። ለባለቤትዎ የሚመቸው የቅሪተ አካል ማሳያው መንገድ ነው፤ እንጨት የተነጠፈበት፣ ርዝመቱ 400 ሜትር ያህል የሆነ፣ በተሽከርካሪ ወንበር እንኳ የሚኬድበት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት በዚያ ምድር የኖሩ እንስሳት ቅሪት የሚተረክበት ስለሆነ፣ ለሐዳሯ ሉሲ ጎረቤት ለሆነ መምህር ብዙ የሚናገረው አለው። ከተነጠፈው መንገድ ሲወጡ ግን እባብ ስላለ እግርዎ የሚያርፍበትን ይመልከቱ፤ ውኃም አስቀድመው ይያዙ።

ቀጥሎ ብላክ ሂልስ የሚባሉት ተራሮች ይመጣሉ። የአራቱ ፕሬዚዳንቶች ፊት የተቀረጸበትን ማውንት ረሽሞር ሁሉም ሰው ይነግርዎታል፤ እ.ኤ.አ. ከ1927 እስከ 1941 የተሠራ፣ እያንዳንዱ ፊት 18 ሜትር የሚረዝም ሥራ ነው። በእኔ ግምት ግን አንድ ሰዓት ይበቃዋል። የታሪክ መምህር ከሐውልቱ ይልቅ ተራራው የማን እንደነበረ መጠየቁ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1868 በተፈረመው ውል ተራሮቹ ለላኮታዎች ተሰጥተው ነበር፤ ወርቅ ሲገኝ ተወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1980 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካሣ እንዲከፈላቸው ቢወስንም፣ መሬታችን አይሸጥም ብለው ገንዘቡን እስከ ዛሬ አልተቀበሉም። ከፍታው አያሳስባችሁ፤ የግዛቱ ትልቁ ተራራ ብላክ ኤልክ 2,207 ሜትር ነው፣ ከደሴ ከተማ ዝቅ ይላል።

ስለ ወቅቱ፣ ሰኔ ሣሩ የሚለመልምበትና አበባው የሚፈካበት ጊዜ ቢሆንም ነጎድጓድና ከባድ በረዶ ድንገት ይጥላል። መስከረምን አገርዎ አደይ ሲያብብ ትቶ መሄድ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ቢሆንም መስከረምን እመርጥልዎታለሁ። በመስቀል ሰሞን በብላክ ሂልስ ባለው ከስተር ፓርክ ከ1,000 በላይ ባይሰኖች፣ ማለትም የአሜሪካ ጎሾች፣ በፈረሰኞች ተነድተው ወደ በረት ይገባሉ፤ ይከተባሉ፣ ሣሩ ከሚችለው በላይ የሆኑትም ተለይተው ይሸጣሉ። ይህ እንስሳ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከብዙ ሚሊዮን ወደ 1,000 እንኳ ወደማይሞላ ቁጥር ወርዶ ነበርና፣ ያ ሁሉ መንጋ ምድሩን እያንቀጠቀጠ ሲመጣ ማየት ልብ ይነካል። በሌላ ጊዜ ብቻውን ቆሞ ቢያገኙት ከ100 ሜትር አይቅረቡት፤ ዝግ ያለ ቢመስልም ከፈረስ እኩል ይሮጣል። ለመንጋው ቀን ሕዝቡ የሚገባው ገና ሳይነጋ ስለሆነና የሜዳው ንጋት ስለሚቀዘቅዝ፣ የሁለታችሁንም ጋቢ ከደሴ ይዛችሁ ሂዱ።