ከቤተሰብ ድርጅት ስለቅ ምን ይገባኛል? እንዴትስ ላስረክብ?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ቤተሰብ ዳቦ ቤት ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ 19 ዓመት ሠርቻለሁ። ሊጥ አቡኪ ሆኜ ገባሁ፤ ዛሬ ምድጃውም፣ የዱቤ ደብተሩም፣ ቁልፉም በእኔ እጅ ነው። የተፈራረምነው ውል የለም። የቀጠሩኝ ጋሼ ካረፉ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ንግድ ፈቃዱ በልጃቸው ስም ዞሯል። እሷን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስለማውቃት እንደ እህቴ ነው የማያት። አሁን ቤተሰቤ ወዳለበት ወደ አዳማ ልሄድ ነው። በገዛ ፈቃዴ ስለቅ የማገኘው ክፍያ አለ? ብጠይቅስ ነውር አይሆንብኝም?

መልስ፦ ነውር የለበትም፤ ክፍያም አለዎት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ቢያንስ 5 ዓመት ያገለገለና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ የሌለበት ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ቢለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። «ራስህ ነህ የለቀቅኸው»፣ «ጡረታ ተከፍሎልህ የለም ወይ» የሚሉ መልሶች ብዙ ሰው ባዶ እጁን ሸኝተዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ይባዛል። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም የ10 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ለእርስዎ 30 ሲደመር 18 ጊዜ 10፣ በድምሩ 210 ቀን ይሆናል። ደመወዝዎ 9,000 ብር ነው እንበልና የቀኑን 300 ብር ብንይዝ፣ ግብር ከመቆረጡ በፊት 63,000 ብር ይመጣል።

በቤተሰብ ድርጅት ይህ ሂሳብ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በመነሻው ዓመት ነው። ድርጅቱ ከአባት ወደ ልጅ መዞሩ የሥራ ውልዎን አያቋርጥም፤ ዘመንዎ የሚቆጠረው ጋሼ ከቀጠሩዎት ቀን ነው። ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑም መብትዎን አያስቀርም። ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ስለሆነ የመዋጮ መዝገቡ ከዚያ በፊት ያለውን አራት ዓመት አያሳይም። ያ አራት ዓመት በላይኛው ስሌት 12,000 ብር ነው። ስለዚህ የቆየ የጤና ምርመራ ካርድ፣ እርስዎ ፈርመው ዱቄት የተረከቡበት ደረሰኝ፣ አብሮዎት የሠራ ሰው ምስክርነት ከአሁኑ ያሰባስቡ። ሁለተኛው ችግር ደመወዙ ነው፤ በፔሮል ላይ 5,000 ተጽፎ በእጅ 9,000 የሚከፈል ከሆነ፣ ልዩነቱን የሚያሳይ ነገር ሳይዙ አይልቀቁ። የጡረታ መዋጮውም (ከእርስዎ 7፣ ከአሠሪ 11 በመቶ) በየትኛው ደመወዝ ላይ ሲገባ እንደነበር ሳይለቁ ያጣሩ።

መጀመሪያ ለልጅቷ በቃል ይንገሯት፤ ወረቀት ቀድሞ ቢደርሳት ታዝናለች። በዚያው ቀን ግን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይስጡ። ሦስት መስመር ይበቃል፦ ከመቼ ጀምሮ እንደሠሩ፣ የመጨረሻው የሥራ ቀን፣ የስንብት ክፍያ፣ ያልወሰዱት የዓመት ዕረፍት ክፍያና የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዲሰጥዎት። በሁለት ቅጂ ይሁን፤ በእርስዎ ቅጂ ላይ «ደርሶኛል» ብላ ቀን ጽፋ ትፈርም። ያለ ማስጠንቀቂያ የሄደ ሠራተኛ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። የመጨረሻው ቀን በበዓል ዋዜማ እንዳይውል አደራ።

ክፍያው ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት፤ ያለ በቂ ምክንያት ከዘገየ እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። ነገር ግን ሠራተኛው በእጁ ያለውን ንብረት ወይም ሂሳብ ሳያስረክብ ከቆየ ጊዜው ይራዘማል። ለዚህ ነው ርክክቡ ከገንዘቡ ተለይቶ የማይታየው። በመጨረሻም በስምምነት ካልተከፈለዎት፣ ጥያቄውን ከለቀቁበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካላቀረቡ በይርጋ (የመጠየቂያ ጊዜው አልፎ) ይቀራል።

ወደ ርክክቡ እንምጣ። የዱቤ ደብተሩን ተተኪውን ይዘው በየሱቁ ይዙሩ፤ ባለሱቁ ያለበትን ዕዳ አይቶ በስሙ አጠገብ ይፈርም። እርስዎ ከሄዱ በኋላ «ለእሱ ከፍያለሁ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም፤ ያኔ ስምዎ የሚጠበቀው በዚያ ፊርማ ነው። የዱቄቱን ኩንታል፣ እርሾውን፣ ሚዛኑን፣ ቁልፎቹን ቆጥራችሁ በአንድ ወረቀት ፈርሙ።

ከባዱ በእጅዎ ያለው ልምድ ነው። 19 ዓመት የሠራ ሰው በዓይኑና በእፍኙ ነው የሚለካው፤ ተተኪው ደግሞ እፍኝዎን አያውቀውም። ለአንድ ሳምንት የሚያስገቡትን ሁሉ አስቀድመው በሚዛን ያስቀምጡና ይጻፉ። ለማነጻጸር ያህል፣ ለተራ ዳቦ 50 ኪሎ ዱቄት 30 ሊትር ገደማ ውሃ፣ ግማሽ ኪሎ ደረቅ እርሾ፣ ከ750 ግራም እስከ 1 ኪሎ ጨው ይወስዳል። የእርስዎ ከዚህ ቢለይ የእርስዎን ይጻፉ፤ ደንበኛው የለመደው እሱን ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ ዋናው ስህተት የሚመጣው ከእርሾው ነው፦ ሊጡ አልነሳ ሲል አዲስ ሰው እርሾ ይጨምራል፤ ዳቦው እርሾ እርሾ ይላል፣ ምድጃ ውስጥም ይሟሽሻል። መፍትሔው ውሃውን ለብ ማድረግ ነው፤ ሊጡ ከማሽን ሲወጣ 26 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። በክረምትና በበጋ ስንት ሰዓት እንደሚያሳርፉት ለየብቻ ይጻፉ። ከ30 ቀኑ የመጀመሪያውን ግማሽ እያሳዩ ይሥሩ፤ በሁለተኛው ግማሽ ተተኪው ያቡካ፣ እርስዎ እጅዎን ሰብስበው ይዩ። ሲሳሳት ቶሎ አይንጠቁት።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ያለን ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት ነው። 12 ዓመት የሠራችልን እህታችን ልትለቅ ነው። የምትሠራበትን የስፌት መኪና ልንሰጣት አስበናል። ይህ እንደ ስንብት ክፍያ ይቆጠራል?

መልስ፦ አይቆጠርም፤ ሐሳባችሁ ግን መልካም ነው። በሕግ የሚገባት የ140 ቀን ደመወዝ ነው (30 ሲደመር 11 ጊዜ 10)፤ ያልወሰደችው ዕረፍትም በገንዘብ ይታሰብላት። ያንን በደረሰኝ ከፍላችሁ ስታበቁ መኪናውን በሌላ ወረቀት ስጧት፤ «በስጦታ የተሰጠ» ብላችሁ ስሪቱንና የመለያ ቁጥሩን ጻፉበት፣ ከቤተሰቡ ሁለት ሰው ይፈርም። ያለዚያ ነገ ከወንድሞቻችሁ አንዱ «መኪናችን የት ሄደ?» ቢል መልስ የምትጠየቀው እሷ ትሆናለች። ገንዘቡን ሳትቆጥር ደግሞ «ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት አታስፈርሟት። በሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ የሥራዋን ዓይነት፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራችና ደመወዟን ጻፉ፤ ያለ ክፍያ ነው የሚሰጠው። «ጎበዝ ሠራተኛ» ከማለት ደግሞ የአበሻ ቀሚስ፣ ሙሉ ልብስ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ቆርጣ እንደምትሰፋ ብትዘረዝሩላት አዲሱ ቀጣሪ ይበልጥ ይረዳላታል።