የዶሮ ወጥ አሠራር በግጥም ሲጻፍ

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ? የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ልጄ በቅርቡ ትዳር ይዛ ወደ ድሬዳዋ ስለምትሄድ፣ ከእናቴ የተማርሁትን የዶሮ ወጥ አሠራር ቤት በሚመታ ግጥም ጽፌ ልሰጣት አስቤ ጀመርሁት። ነገር ግን ቤቱ እንዲመታልኝ ስል የበርበሬው ልክ ይለዋወጥብኛል፤ ቅደም ተከተሉም ይዘበራረቃል። ጎረቤቶቼ ደግሞ «ሙያ በግጥም አይጻፍም፤ የልጅ ጨዋታ ነው» ይሉኛል። ልተወው ወይስ የሚቃናበት መንገድ አለ?
አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እባክዎን አይተዉት። ለጎረቤቶችዎ እ.ኤ.አ. በ1845 ያረፈውን እንግሊዛዊ ቄስ ሲድኒ ስሚዝን ይጥቀሱላቸው። ይህ ሰው የሰላጣ ማባያ አሠራርን ቤት በሚመታ ግጥም ሲጽፍ ሰናፍጩን አንድ ማንኪያ፣ ዘይቱን አራት፣ ኮምጣጤውን ሁለት አድርጎ ስለ ወሰነ፣ ግጥሙን በቃሉ ያጠና ሁሉ ልኩንም አብሮ ይይዛል።

ችግርዎ የመጣው ልኩን ካስቀመጡበት ስፍራ ይመስለኛል። ከስንኝ መካከል የገባ ቁጥር ጠባቂ የለውም፤ «ሁለት ማንኪያ» የነበረው ከጊዜ በኋላ «አራት ማንኪያ» ቢባል፣ ቃላቱ በቀለም (በሚሰሙት የድምፅ ክፍሎች ብዛት) እኩል ስለ ሆኑ ዜማው አይሰበርም፣ ስሕተቱም አይታወቅም። ቤት በሚመታበት በስንኙ መጨረሻ የተቀመጠ ቁጥር ግን ሲለወጥ ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል። ስለዚህ ሊጠፋ የማይገባውን ልክ አስቀድመው ይምረጡና ቤት መምቻ ያድርጉት፤ ሌላውን ስንኝ ለእርሱ ይግጠሙለት። የስንኙ ሁለት ክፍሎች ስድስት ስድስት ቀለም በሚይዙበት፣ ወል ቤት በሚባለው የግጥም ዓይነት ለምሳሌ እንዲህ ማለት ይቻላል፦

የዶሮዋ ብልት ቁጥሩ አሥራ ሁለት፤
እጠቢያት በሎሚ፣ እንዳይኖርባት ጉድለት።

«ሁለት»ን ማንም በሌላ ቁጥር ልተካው ቢል «ጉድለት» አብሮት አይሄድም። (ቀለም የሚቆጠረው በሚሰማው ድምፅ እንጂ በፊደል ብዛት ስላልሆነ፣ የጻፉትን ሁሉ ጮክ ብለው ያንብቡት።)

ቅደም ተከተሉ እንዳይዘበራረቅ ደግሞ አንድ ጥንድ ስንኝ አንድ ሥራ ብቻ ይያዝ። ሽንኩርቱንም ቅቤውንም በርበሬውንም በአንድ ስንኝ መደርደር ቤት ለመምታት ያመቻል፤ ሆኖም ጀማሪዋ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ድስት ውስጥ እንድትጨምር ይጋብዛታል። ዶሮ ወጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ከቁሌቱ ስለ ሆነ፣ ለቁሌቱ ብዙ ስንኝ ቢያወጡ አይበዛበትም፦

ሽንኩርቱ በደረቅ መልኩን ካልለወጠ፣
ዘይት እንዳትጨምሪ ውኃው ካልመጠጠ።

እዚህ ላይ ደቂቃ አለመጠቀሱን ያስተውሉልኝ፤ ለልጅዎ ይህ ከሁሉ ይበልጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ከፍታዋ 1,200 ሜትር ገደማ በሆነው በድሬዳዋ ግን እስኪፈላ 96 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። በመሆኑም አራት ኪሎ በሚገኘው ማድ ቤትዎ በሰዓት የለኩት የእንቁላሉ መቀቀያ ወይም የሥጋው ማብሰያ ጊዜ እዚያ ሲደርስ ይበዛል። የሽንኩርቱ መልክ፣ የውኃው መምጠጥ፣ የቅቤው ወደ ላይ መንሳፈፍ ግን በሁለቱም ከተማ ያው ነው። ሰዓቱን ከግጥሙ አውጥተው ዐይንና አፍንጫ የሚያውቁትን ምልክት ያስገቡለት።

በርበሬው ቁሌቱ ውስጥ ገብቶ፣ ውኃ ጠብ እየተደረገበት፣ ጥሬ ሽታው እስኪጠፋ የሚበስልበትን ረጅም ሥራ ግን ግጥም ብቻውን ያስተምረዋል ብዬ አላምንም። መቼ ውኃ እንደሚጠብ፣ ምን ያህል እንደሚማሰል የሚለመደው እጅን በማየት ነውና፣ ከመሄዷ በፊት አንድ ጊዜ አብራችሁ ሥሩት። ጨውም እንዲሁ ነው።

መከለሻው ወጡ ሊወርድ ጥቂት ሲቀረው የሚገባ በመሆኑ የመጨረሻውን ስንኝ ለእርሱ ይተዉለት። ቤት አልመታ ያለ ስንኝ ሲያስቸግርዎ ቃሉን ይለውጡ እንጂ ልኩን አይንኩት፤ ይህም ካልሆነ ያንን መመሪያ በስድ ንባብ ከግጥሙ ግርጌ ይጻፉላት።