መልስ፦ በጣሊያን ጊዜ በድብቅ ይገናኝ ለነበረ ቡድን «ህዋስ» ይባላል ወይ?

«ህዋስ» አይሆንልህም፣ ቀይረው። ጂማ ላይ በጣሊያን ጊዜ በድብቅ የሚገናኙትን ሰዎች ለቴአትሬ ምን ልበላቸው ላልከው፣ «ውስጥ አርበኞች» በላቸው። «ህዋስ» በዚህ ትርጉሙ የመጣው በኋላ ከተማሪው ንቅናቄና ከነኢሕአፓ ጋር ነው፣ በ1930 ዓ.ም አንድ ቡና ነጋዴ «ህዋሳችን ዛሬ ማታ ይሰበሰባል» ሲል ተመልካቹ ይስቅብሃል።

ግሱ ላይ ደግሞ ማን እየተናገረ እንደሆነ እይ። ራሳቸው አርበኞቹ ከሆኑ «መከርን» ነው የሚሉት፣ ባንዳው ለአለቃው ሲያቀብል ግን «እየዶለቱ ነው» ወይ «አድመዋል» ይላል። ያው አንድ ኩራዝ ከበው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው እኮ፣ ወገኑን የሚለየው ቃሉ ነው። (አድማ ዛሬ ሥራ ማቆም ሆነ እንጂ ድሮ ሴራ ማለትም ነበር።) «ህቡዕ»ን ለተራኪው ተውለት፣ ከግዕዙ ኀብአ፣ ደበቀ ከሚለው ነው የመጣው፣ በሰው አፍ ሲገባ መጽሐፍ መጽሐፍ ይሸታል።

ጂማ ያኔ ጣሊያን አገሪቱን ከከፋፈለባቸው ግዛቶች የአንዱ ዋና ከተማ ነበረች፣ ስለዚህ ገጸ ባህሪዎችህን ጮክ አታስወራቸው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፣ ሽማግሌ ልትጠይቅ ስትሄድ «አድማ» የምትለዋን ቃል አታንሳ። እኔ እዚያው ጂማ፣ ሂርማታ ሰፈር አካባቢ አንድ አባባን «አባትዎ አድማ ውስጥ ነበሩ?» አልኳቸው፣ ሲኒያቸውን ቁጭ አርገው «አባቴ አድመኛ አልነበረም» ብለው ወሬውን ወደ ቡና ዋጋ አዞሩት። በሳምንቱ ተመልሼ «ከማን ጋር ይመክሩ ነበር?» ስል ነው እስከ ማታ ያወሩልኝ።