በቼዝ ኮምፒውተር ስለሚያልፋቸው የንግሥት መሥዋዕቶች፦ ለቀረበው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ሰሞኑን አንድ የቡድናችን አባል «ሰው አስቦ ያገኛቸው፣ ኮምፒውተር ግን ሳያያቸው የሚያልፋቸው የንግሥት መሥዋዕቶች በእርግጥ አሉ ወይ? ካሉስ ከሌሎቹ በምን ይለያሉ?» ሲሉ ጠይቀዋል። የታላላቅ ተጫዋቾችን የቼዝ ጨዋታዎች እየሰበሰብኩ በላፕቶፔ ላይ ከፕሮግራም ጋር መመርመር ከጀመርኩ ከአሥር ዓመት በላይ ስለሆነኝ፣ ጥያቄው የእኔም የቆየ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ ያየሁትን በዝርዝር ለመጻፍ ወደድኩ። የንግሥት መሥዋዕት ማለት ተጫዋቹ ከጠጠሮቹ ሁሉ ኃይለኛ የሆነችውን ንግሥት ለሌላ ጥቅም ሲል አውቆ ማስበላቱ ነው። አጭሩ መልሴ «አሉ» የሚል ነው። ይሁን እንጂ አብዛኞቻችን በምንፈልግበት ቦታ አይገኙም።

አብዛኞቻችን የምንፈልገው ነጎድጓድ ያለበትን መሥዋዕት ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በኒው ዮርክ የ13 ዓመቱ ቦቢ ፊሸር በጥቁር ጠጠሮች ከዶናልድ ባይርን ጋር ሲጫወት፣ በ17ኛው እርምጃ ጳጳሱን ወደ ኢ6 (የሰሌዳው ቤቶች የሚጠሩት ከኤ እስከ ኤች ባለ ፊደልና ከ1 እስከ 8 ባለ ቁጥር ነው) አምጥቶ ንግሥቱን እንድትበላ ተዋት። ባይርን ንግሥቲቱን በላ፤ ከዚያ በኋላ ግን የፊሸር ፈረስና ጳጳስ ንጉሡን በተከታታይ ቼክ (ንጉሡን በቀጥታ በሚያስፈራራ እርምጃ) እያመላለሱ፣ በመጨረሻ ፊሸር በንግሥቱ ምትክ አንድ ግንብ፣ ሁለት ጳጳሳትና አንድ ወታደር ሰበሰበ። ሰው ይህን በ13 ዓመቱ ማየቱ ዛሬም ያስደንቀኛል። ለኮምፒውተር ግን ይህ ከባድ ጥያቄ አይደለም። እያንዳንዱ ቼክ የተቃራኒውን ምርጫ ወደ አንድ ወይም ወደ ሁለት ስለሚያጠበው፣ ፕሮግራሙ መንገዱን እስከ መጨረሻው ተከትሎ ለመቁጠር አይቸገርም።

በ1958 በሶቺ ራሺድ ኔዥሜትዲኖቭ ሌቭ ፖሉጋዬቭስኪን ያሸነፈበትም ጨዋታ ከዚሁ ወገን ነው። ኔዥሜትዲኖቭ በ24ኛው እርምጃ በግንቡ ኤፍ4 ላይ በልቶ ንግሥቱን ኤች2 ላይ ያለ ጠባቂ ተዋት፤ ከሁለት እርምጃ በኋላ ደግሞ ቼክ ሳይል ጳጳሱን በጸጥታ ወደ ጂ7 አወጣ። የፖሉጋዬቭስኪ ንጉሥ በሰሌዳው መካከል እየተነዳ ኤ5 ድረስ ሄደ፤ ጨዋታውም በ33ኛው እርምጃ አበቃ። ውበቱ ከፊሸር ጨዋታ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ሆኖም ማቱ (ንጉሡ ማምለጫ የሚያጣበት ፍጻሜ) ቅርብ ነውና ፕሮግራሙ ይደርስበታል።

እንግዲህ ፕሮግራሙ የሚስተው የትኛውን ነው? ይህን ለመረዳት አሠራሩን በጥቂቱ ማየት ያስፈልጋል። በአንድ አቋም ላይ በአማካይ ከሠላሳ የማያንሱ እርምጃዎች ስለሚኖሩና ሁሉንም እስከ ጥልቀቱ መከተል ስለማይቻል፣ ፕሮግራሙ እርምጃዎቹን አስቀድሞ በተስፋ ሰጪነታቸው ይደረድራል። ከፊት የሚሰለፉት ትርፍ ያለው መብላትና ቼክ የመሳሰሉት ሲሆኑ፣ ዘጠኝ ነጥብ የምትገመተውን ንግሥት ሰጥቶ ሦስት ነጥብ የሚያስገኝ እርምጃ ወደ ሰልፉ ጭራ ይገፋል። በጭራ ያሉት እርምጃዎች ደግሞ የሚታዩት ላይ ላዩን ነው፤ በዚያ አጭር እይታ ውስጥ ኪሳራውን የሚክስ ነገር ካልታየ ፕሮግራሙ ትቷቸው ያልፋል። ስለዚህ ኮምፒውተርን የሚያስቸግረው ካሳው ዘግይቶና በጸጥታ የሚመጣ የንግሥት መሥዋዕት ነው።

ለዚህ ከማውቃቸው ሁሉ የላቀው ምሳሌ ኔዥሜትዲኖቭ በ1962 በሮስቶቭ ከኦሌግ ቼርኒኮቭ ጋር በነጭ ጠጠሮች የተጫወተው ነው። ኔዥሜትዲኖቭ የሩሲያን ሻምፒዮና አምስት ጊዜ ያሸነፈ፣ ነገር ግን ከፍተኛውን የግራንድማስተርነት ማዕረግ ሳያገኝ ያለፈ የካዛን ሰው ነበር። በዚህ ጨዋታ 11ኛው እርምጃ ላይ ቼርኒኮቭ ጳጳሱን ወደ ኤፍ6 አምጥቶ ኤች4 ላይ የነበረችውን የነጭ ንግሥት አስፈራራ። ንግሥቲቱ የምትሸሽባቸው ቤቶች ነበሯት፤ ኔዥሜትዲኖቭ ግን በ12ኛው እርምጃ በንግሥቱ ጳጳሱን በላ። ቼርኒኮቭ በፈረሱ ኢ2 ላይ ቼክ ብሎ ፈረሱን ሰጠ፤ ከዚያም በወታደሩ ንግሥቲቱን በላ። ሒሳቡ ሲጠቃለል ነጩ በንግሥቱ ምትክ ያገኘው አንድ ጳጳስና አንድ ፈረስ ብቻ ነው፤ ወታደሮቹም ሰባት ለሰባት እኩል ናቸው። በሰሌዳው ላይ የታለመ ማት የለም፤ ንጉሡን የሚያባርር ቼክም የለም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ክፍል እባካችሁ በሰሌዳ ላይ አስቀምጣችሁ ተመልከቱት። ከ14ኛው እስከ 20ኛው እርምጃ ድረስ ኔዥሜትዲኖቭ ሰባት ተከታታይ እርምጃዎችን ሲጫወት አንድም ጊዜ ቼክ አላለም፤ አንድም ጠጠር አልበላም። ፈረሱን ወደ ሲ3፣ ከዚያም ወደ ዲ5 አወጣ፤ ጳጳሱን ዲ4 ላይ አስቀመጠ፤ አንዱን ግንብ ወደ ዲ1 አምጥቶ በዲ3 በኩል ወደ ኤፍ3 አዞረው፤ በመጨረሻም ጳጳሱን ወደ ሲ3 መለሰው። ንግሥቱን የሰጠ ሰው በዚህ እርጋታ ጠጠሮቹን ሲያሰልፍ ማየት ለእኔ ከማንኛውም ማት ይበልጣል። የሰልፉ ሁሉ ዓላማ አንድ ቤት ነበር፤ እሱም ኤፍ6 ነው። የቼርኒኮቭ የጥቁር ቤቶች ጳጳስ ስለጠፋ በንጉሡ ዙሪያ ያሉትን ጥቁር ቤቶች የሚጠብቅ አልነበረም፤ ኤፍ6 ላይ የተደራረበው ወታደሩም ለንጉሡ መጋረጃ መሆኑ ቀርቶ የጥቃቱ ኢላማ ሆነ። የጥቁሩ ንግሥት በጉልበት ትበልጣለች፤ ነገር ግን የምትመታው ነገር አላገኘችም፤ እንዲያውም በ20ኛው እርምጃ ወታደሩን ለመጠበቅ ወደ ዲ8 ተመለሰች።

ነጩ የመጀመሪያውን ወታደር የበላው በ21ኛው እርምጃ ሲሆን የመጀመሪያውን ቼክ ያለው በ22ኛው ነው። በ28ኛው ጳጳሱን ኤፍ7 ላይ፣ በ29ኛው ደግሞ ግንቡን ኤች8 ላይ ሠውቶ ንጉሡን ጎተተው፤ በ30ኛው ፈረሱ ኤፍ7 ላይ በልቶ ንጉሡንና ንግሥቲቱን አንድ ላይ ያዘ፤ በ31ኛው ንግሥቲቱን በላ። ቼርኒኮቭ በ33ኛው እርምጃ ጨዋታውን ለቀቀ። እንግዲህ ቁጠሩት፦ ንግሥቲቱ ከተሰጠችበት እርምጃ የጥቁሩ ንግሥት እስከተበላችበት ድረስ 19 እርምጃዎች አሉ፤ ፕሮግራሙ የሁለቱን ወገን እርምጃ ለየብቻ ስለሚቆጥር ይህ ለእሱ 38 ደረጃ ነው፤ በየደረጃውም ጥቁሩ ብዙ ምርጫ ነበረው። ይህን ቆጥሮ መጨረስ አይቻልም፤ ኔዥሜትዲኖቭም ቆጥሮ የጨረሰው አይመስለኝም። ያየው ነገር የጥቁር ቤቶቹን ባዶነትና የተቃራኒውን ንግሥት ሥራ ፈትነት ነው።

ይህን ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ በአሮጌው ላፕቶፔ ላይ ስከፍተው፣ በዚያን ጊዜ የነበረኝ ፕሮግራም ሦስት አማራጭ መስመሮችን እንዲያሳየኝ አድርጌ አንድ ሌሊት ሙሉ ተውኩት። ጠዋት ስመለከተው ሦስቱም ንግሥቲቱን ወደ ሌላ ቤት የሚያሸሹ እርምጃዎች ነበሩ። ከዚያ እርምጃውን በእጄ አስገብቼ ጨዋታውን ወደፊት ስነዳው፣ ፕሮግራሙ የትኛው ወገን እንደሚበልጥ የሚገምትበት፣ መጀመሪያ ለጥቁሩ ያደላ የነበረው ቁጥር በየእርምጃው እየቀነሰ መጣ፤ ግንቡ ኤፍ3 ሲደርስ ፕሮግራሙ ሐሳቡን ለውጦ ነበር። ፕሮግራሙ በመጀመሪያ «ስህተት ነው» ያለውን እርምጃ ደረጃ በደረጃ እየመለሰ ሲቀበል ማየት እስካሁን ከማልረሳቸው ጠዋቶች አንዱ ነው። እዚህ ላይ ግን ሐቁን መናገር ይገባል፦ መሥዋዕቱ የግድ የሚያሸንፍ አይደለም። ቼርኒኮቭ የተሻለ መከላከል ይችል ነበር። መሥዋዕቱ ያደረገው ነገር ጨዋታውን ለጥቁሩ ንግሥት ወደማይመች ሜዳ መውሰድ ነው፤ እኔም ታላቅነቱ እዚያ ላይ ነው እላለሁ።

ሁለተኛው ዓይነት ምሽግ ነው። ተሸናፊ የሚመስለው ወገን ንግሥቱን ሰጥቶ፣ ተቃራኒው በምንም መንገድ የማይገባበትን አጥር ይሠራል። ይህን በራሴ ጨዋታ አይቼዋለሁ። ጥቁር ይዤ ነበር፤ ለእያንዳንዳችን ንግሥት፣ ግንብና አንድ አንድ ወታደር ቀርቶናል። የእኔ ወታደር ጂ7 ላይ ነው፤ የተቃራኒዬ ግን ኤ7 ደርሷል፤ ግንቡ ኤ1 ላይ ሆኖ ከኋላ ይጠብቀዋል። የእኔ ግንብ ኤ8 ላይ ታስሯል፤ የእሱ ንግሥት ወደ ቢ7 ከገባች ነገሩ ያበቃል። ብዙ ካሰብኩ በኋላ በንግሥቴ ወታደሩን በላሁ፤ እሱ በግንቡ ንግሥቴን በላ፤ እኔም በግንቤ ግንቡን በላሁ። ንጉሤ ኤች7 ላይ ነበር። ግንቤን ፈጥኜ ወደ ኤፍ6 አመጣሁት፤ ጂ7 ላይ ያለው ወታደር ኤፍ6ንም ኤች6ንም ስለሚጠብቅ፣ ግንቡ በእነዚህ ሁለት ቤቶች መካከል ከመመላለስ በቀር ሌላ ሥራ አልነበረውም። ተቃራኒዬ በንግሥቱና በንጉሡ ከሁሉም አቅጣጫ ሞከረ፤ የንጉሡ መንገድ በግንቡ ተዘግቷል፤ ንግሥቲቱም ብቻዋን ምንም ማድረግ አልቻለችም። በመጨረሻ አቻ ተስማማን። ወደ ቤት ተመልሼ አቋሙን ሳስገባው ፕሮግራሙ ለነጩ ከአምስት ነጥብ በላይ ብልጫ አሳየኝ፤ ሠላሳ እርምጃ ወደፊት ወስጄው እንኳ ቁጥሩ ከዚያ አልተነቃነቀም።

ይህ የእኔ አቋም አምስት ጠጠር ብቻ ስላለው ዛሬ ምስጢር አይደለም፤ ሰባት ጠጠር ድረስ ያሉ አቋሞች ሁሉ ተሰልተው በማኅደር ስለተቀመጡ፣ ማኅደሩ የተጫነበት ፕሮግራም ወዲያውኑ «አቻ» ይላል። ብዙ ወታደሮች ባሉበት ምሽግ ግን ዛሬም ፕሮግራሞች ሲሳሳቱ አያለሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በምሽግ ውስጥ ምንም ነገር አይለወጥም፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ወደፊት እያየ ለውጥ ሲፈልግ «ምንም አይለወጥም» የሚለውን እውነት ራሱን ማየት ይቸግረዋል። ሰው ግን «በየት በኩል ይገባል?» ብሎ ይጠይቅና መግቢያ አለመኖሩን በአንድ እይታ ይረዳል።

ጠያቂያችን ስለ ዛሬዎቹ ፕሮግራሞች ማወቅ እንደሚፈልጉ እገምታለሁ። ሁኔታው ብዙ ተለውጧል። በ2017 መጨረሻ አልፋዜሮ የተባለው ፕሮግራም ከራሱ ጋር ብቻ ተጫውቶ በመማር ስቶክፊሽ የተባለውን ሌላ የቼዝ ፕሮግራም በ100 ጨዋታ 28 አሸንፎ 72 አቻ ሲወጣ፣ አንድም አልተሸነፈም፤ በእነዚያ ጨዋታዎች ውስጥም ለረጅም ጊዜ ካሳ ጠጠር የሚሰጥባቸው ነበሩ። ስቶክፊሽም ራሱ ከ12ኛው እትሙ ጀምሮ፣ ማለትም ከ2020 ወዲህ፣ አቋምን የሚመዝነው በነርቭ መረብ (ከብዙ ምሳሌዎች በሚማር የስሌት ዘዴ) ታግዞ ነው። የኔዥሜትዲኖቭን አቋም በአዲሱ ላፕቶፕ ላይ ሳስገባው ፕሮግራሙ ነጩን እንደ ድሮው እንደ ተሸናፊ አያየውም። ስለዚህ «ኮምፒውተር አያየውም» ሲባል በየትኛው ፕሮግራም፣ በምን ያህል ጊዜና በየትኛው መሣሪያ ላይ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በስልክ ላይ ለሦስት ሰከንድ ብቻ አሳስቦ «ኮምፒውተሩን አሸነፍኩት» ማለት ጨዋታውንም ፕሮግራሙንም አለማክበር ነው።

በነገራችን ላይ ዘጠኝ ነጥብ የሚባለው የንግሥት ዋጋ ራሱ የዛሬዋን ንግሥት የሚመለከት ብቻ ነው። በአገራችን የጥንት ሰንጠረዥ (በጥንቱ የቼዝ ዓይነት) ፈርዝ የምትባለው ጠጠር አንድ አንድ ቤት የምትራመድ ደካማ ስለነበረች፣ እሷን መስጠት ይህን ያህል የሚወራለት ነገር ሊሆን አይችልም ነበር። ንግሥት እንደ ዛሬው ሰሌዳውን ሁሉ የምታዳርስ የሆነችው በአውሮፓ በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው።

አንድን የንግሥት መሥዋዕት እኔ የምመረምረው እንዲህ ነው። ፕሮግራሙን ከመክፈቴ በፊት መሥዋዕቱ ከተደረገ በኋላ የተቃራኒው ንግሥት ምን ልትመታ እንደምትችል በወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ የምትመታው ነገር ከሌለ መሥዋዕቱ ቁምነገር እንዳለው እጠረጥራለሁ። ከዚያ ፕሮግራሙን ከፍቼ በመጀመሪያ በራሱ እንዲያስብ ጊዜ እሰጠዋለሁ፤ ቀጥሎ እርምጃውን በእጄ አስገብቼ ወደፊት እነዳለሁ። ቁጥሩ በየእርምጃው ወደ ሠዋው ወገን የሚያዘነብል ከሆነ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ያላየው ነገር አለ ማለት ነው፤ ቁጥሩ ትልቅ ሆኖ ለሃያና ለሠላሳ እርምጃ ሳይነቃነቅ ከቆመ ደግሞ ምሽግ መኖሩን እፈትሻለሁ፤ ቁጥሩ መሥዋዕቱን ለተቀበለው ወገን እየጨመረ ከሄደ መሥዋዕቱ ስህተት ነበር፤ ይህም ብዙ ጊዜ ያጋጥማል።

መጀመር ለሚፈልጉ አባላት የኔዥሜትዲኖቭና የቼርኒኮቭ አቋም ከ14ኛው የነጭ እርምጃ በኋላ እነሆ። ነጭ፦ ንጉሥ ጂ1፤ ግንቦች ኤ1 እና ኤፍ1፤ ጳጳሳት ቢ3 እና ኢ3፤ ፈረስ ሲ3፤ ወታደሮች ኤ2፣ ቢ2፣ ሲ2፣ ኢ4፣ ኤፍ2፣ ጂ2፣ ኤች2። ጥቁር፦ ንጉሥ ጂ8፤ ንግሥት ኤ5፤ ግንቦች ኤ8 እና ኤፍ8፤ ጳጳስ ሲ8፤ ወታደሮች ኤ7፣ ቢ7፣ ዲ7፣ ኤፍ6፣ ኤፍ7፣ ጂ6፣ ኤች7። ተራው የጥቁር ነው። ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ከጓደኛ ጋር ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በነጭ አንዴ በጥቁር ተጫወቱት፤ ከዚያ ያገኛችሁትን እዚህ ብትጽፉልኝ በደስታ አብሬ እመረምረዋለሁ።